የአጃ ስንቅ

ውድ ተማሪዎች፤ ስለ ራሳችሁ ሕይወት ድርሰት እንድትጽፉ ስትታዘዙ፣ ብዙዎቻችሁ «ምን የሚጻፍ ነገር አለኝ?» እያላችሁ እንደምትጨነቁ ከመምህርነት ዘመኔ አውቃለሁ። እኔም በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ እንዲሁ እል ነበር። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን እጅግ ተራ ስለ ሆነ ነገር ነው፤ ስለ አንድ ስልቻ የአጃ ዱቄት። በዚያ ስልቻ ምክንያት ተርቤአለሁ፤ ጓደኞቼንም ዋሽቻለሁ። የተራብሁትም ስልቻው ሙሉ ሆኖ ሳለ ነው። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ እንድትረዱልኝ ነገሩን ከሥሩ ልጀምር።

ከሁሉ አስቀድመን ስሙን እናጥራ። በአገራችን አጃ የሚለው ስም በሁሉም ስፍራ ለአንድ እህል ብቻ አይሰጥም። በአንዳንድ አካባቢ አጃ የሚባለው የስንዴ ዘመድ የሆነ፣ ዛላው እንደ ስንዴ የተሰበሰበ እህል ነው። እኔ የምናገርለት አጃ ግን ዛላው እንደ ጤፍ ተበትኖ የሚንጠለጠል፣ ፍሬው ቀጠንና ረዘም ያለ ሌላ እህል ነው። በገብስ ማሳ ውስጥ ሳይዘሩት የሚበቅለው ሲናርም የዚህኛው የቅርብ ዘመድ ነው። ስለዚህ ገበያ ወጥታችሁ አጃ ስትገዙ ስሙን ብቻ ሰምታችሁ አትመለሱ፤ ፍሬውንም አይታችሁ ለዩት።

የተወለድሁት በሰላሌ ደጋ ነው። የሰላሌ ዋና ከተማ ፍቼ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች፤ የእኛ መንደር ደግሞ ከፍቼ የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ነበር። አገሩ ብርዳማ ነው። ጤፍ አይሆንለትም፤ ገብስና ስንዴ፣ ባቄላና አጃ ግን ይበቅሉበታል። አጃ ከእነዚህ ሁሉ ጭንቅ የሚችል እህል ነው። መሬቱ ቢደክም፣ ውሃ ቢተኛበት፣ ቅዝቃዜው ቢበረታ እንደ ሌሎቹ በቶሎ ተስፋ አያስቆርጥም። ገለባውን ከብት በደስታ ይበላዋል። ምናልባትም የተናቀው በዚሁ ምክንያት ይሆናል፤ ከብት የሚወደውን እህል ሰው «መኖ» ይለዋልና።

በ1974 ዓ.ም. የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ ወደ ፍቼ ገባሁ። አራት ልጆች ሆነን አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራየን። በዚያን ጊዜ ከገጠር የመጣ ተማሪ ሁሉ የሳምንት ስንቁን እሑድ ከቤቱ ይዞ ይመጣ ነበር። ጓደኞቼ በአገልግል እንጀራ፣ በከረጢት ቆሎ፣ አንዳንዴም የስንዴ ዳቦ ያመጡ ነበር። አንደኛው ከቆላ ጋር የሚነግድ አባት ስለ ነበረው ስንቁ ነጭ የጤፍ እንጀራ ነበር። የእኔ አባት ግን በሕይወት አልነበረም። በዚያም ዓመት ገብሳችን ሳያፈራ ቀረ። ስለዚህ እናቴ የሰጠችኝ ታምሶ የተፈጨ የአጃ ዱቄት ነበር፤ በአንድ ስልቻ ሞልታ፣ አፉን በጠፍር አስራ፣ ትከሻዬ ላይ አደረገችልኝ።

በመጀመሪያው እሑድ ማታ ሁሉም ስንቁን ሲፈታ እኔ ስልቻዬን ከመደቡ ሥር አስገባሁት። «የአንተስ?» ብለው ሲጠይቁኝ «የእኔ በሶ ነው፤ ለሳምንቱ መጨረሻ አቆየዋለሁ» አልሁ። በሶ የገብስ ነው፤ የተከበረ የመንገደኛ ምግብ ነው። አጃ ነው ብል «የፈረስ ቀለብ ይዞ መጣ» የሚሉኝ መሰለኝ። ማንም እንዲህ አላለኝም ነበር፤ እኔው ግን ያልተባልሁትን ስድብ ሰምቼ ተሸማቀቅሁ።

እስከ ረቡዕ ድረስ ጓደኞቼ ያካፍሉኝ ነበር። ሐሙስ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። እንጀራ ከአራት ቀን በላይ አይቆይምና ይሻግታል፤ ቆሎውም ያልቃል። ሐሙስና ዓርብ አራታችንም ተርበን የምንውልባቸው ቀናት ነበሩ። መምህሩ በሰሌዳው ላይ የሚጽፈው የሒሳብ ቁጥር እየተደራረበ ይታየኝ እንደ ነበር ዛሬም አልረሳውም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከመደቡ ሥር አንድ ስልቻ ሙሉ ምግብ ነበር። እኔ ግን ስልቻው ባዶ ሆኖ ካልተመለሰ እናቴ ስለምታዝን፣ ሐሙስ ማታ ሲጨልም ዱቄቱን በቆርቆሮ ጣሳ እየሰፈርሁ ከአጥሩ ጀርባ ለታሰረች የጎረቤት በቅሎ እሰጣት ነበር። እንዲህ እያደረግሁ ስድስት ሳምንት አለፈ።

በስድስተኛው ሳምንት፣ በኅዳር ወር፣ የቤት አከራያችን ያዙኝ። በዕድሜ የገፉ ባልቴት ነበሩ፤ እማማ ነበር የምንላቸው። በጨለማ ውስጥ ከኋላዬ ቆመው ጥቂት ከተመለከቱኝ በኋላ ከዱቄቱ ቆንጥረው ቀመሱት።

«የማን ስንቅ ነው?» አሉኝ።

«የእኔ ነው፣ እማማ።»

«ሦስት የተራቡ ልጆች ቤት ውስጥ ተቀምጠው አንተ በቅሎ ታበላለህ?»

የምመልሰው ጠፋኝ። እርሳቸውም ሌላ አልተናገሩም። ስልቻውን ከእጄ ተቀብለው ወደ ማድ ቤታቸው ገቡ። በድስት ውሃ ጣዱ። ውሃው እስኪፈላ ድረስ ሁለት ጭብጥ የሚሆን ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጠበጡ። ከዚያም የተበጠበጠውን ወደ ፈላው ውሃ ቀስ እያሉ እየጨመሩ በማማሰያ ሳያቋርጡ አማሰሉት። ጨው ነሰነሱበት፤ ከማሰሮ ጥቂት ቅቤ ጣል አደረጉበት። ሽታው ግቢውን ሲሞላው ጓደኞቼ ተራ በተራ ከክፍላችን ወጡ። አራታችንም አጥሚቱን በጣሳ እየተቀበልን ጠጣን። የጤፍ እንጀራ ያመጣ የነበረው ጓደኛችን ጣሳውን ሁለተኛ ዘረጋና «እማማ፣ ይህ የምን እህል ነው?» ሲል ጠየቀ። እማማ ወደ እኔ ተመለከቱና ዝም አሉ። መልሱን ለእኔ ተዉልኝ።

«አጃ ነው፤ እናቴ የላከችው» አልሁ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበር?» አለኝ። ማንም አልሳቀም። ከዚያች ማታ ጀምሮ ሐሙስና ዓርብ የእኔ ስልቻ ቀናት ሆኑ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ሁለት ጥያቄ ይነሣል። የመጀመሪያው፣ እንጀራው ሲሻግት ዱቄቱ ለምን ሳይበላሽ ቆየ? የሚል ነው። ምክንያቱ እናቴ ከማስፈጨቷ በፊት እህሉን ማመሷ ነው። ለምን እንደምታምሰው አንድ ቀን ብጠይቃት «እንዳይመር ነዋ» አለችኝ። ትክክል ነበረች። አጃ ከስንዴና ከገብስ ይልቅ ቅባት ይበዛበታል። ጥሬው ሲፈጭ በውስጡ ያለው ቅባት የሚያፈርስ ኢንዛይም ከቅባቱ ጋር ይቀላቀላል፤ ዱቄቱም ሳይቆይ መምረር ይጀምራል። በእሳት ሲታመስ ግን ኢንዛይሙ ሥራውን ያቆማል። ዛሬ አጃን እየዳመጡ የሚያሽጉ ፋብሪካዎች ይህንኑ የሚሠሩት በእንፋሎት ነው። እናቴ ኢንዛይም የሚለውን ቃል ሰምታ አታውቅም፤ ሥራውን ግን በምጣድዋ ላይ ታውቀው ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ አንድ ጣሳ አጥሚት እስከ እኩለ ቀን እንዴት ሊያቆየን ቻለ? የሚል ነው። ገለባው የተለየለት 100 ግራም አጃ ወደ 17 ግራም የሚጠጋ ፕሮቲን፣ 7 ግራም ያህል ቅባትና 10 ግራም ያህል አሰር አለው። ከአሰሩ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባለው ክፍል በውሃ ውስጥ ሲሟሟ ዝልግልግ ይሆናል። አጥሚቱ ሲቀዘቅዝ የሚወፍረው በከፊል ስለዚህ ነው። ይኸው ዝልግልግ ነገር በሆድ ውስጥ ምግቡን ቀስ ብሎ እንዲያልፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ረኃብ በቶሎ አይመለስም፤ በደም ውስጥ ያለው ስኳርም በአንድ ጊዜ አያሻቅብም። ከዚህም በላይ በአንጀት ውስጥ ሐሞትን ይዞ ይወጣል። ጉበት የጎደለውን ሐሞት ለመተካት ከደም ውስጥ ኮሌስትሮል ስለሚወስድ የደም ኮሌስትሮል ይቀንሳል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በዚህ ላይ የቀረቡትን ጥናቶች መርምሮ፣ በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ከአጃ መመገብ ጮማ ካልበዛበት አመጋገብ ጋር የልብ በሽታን አደጋ ሊቀንስ እንደሚችል በማሸጊያዎች ላይ እንዲጻፍ እ.ኤ.አ. በ1997 ፈቅዷል። ይህን ያህሉ ከ75 ግራም ገደማ ደረቅ አጃ ይገኛል።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በ2010 ዓ.ም. ሐኪም ደሜን አስመርምሮ ኮሌስትሮሌ ከፍ ማለቱን ከነገረኝ በኋላ «አጃ ተመገብ» ብሎ አዘዘኝ። ወደ አንድ ትልቅ ሱቅ ገብቼ ከውጭ አገር የመጣ፣ በሚያምር ካርቶን የታሸገ አጃ ገዛሁ። ቤቴ ደርሼ ካርቶኑን ስከፍት የጠበቀኝ ሽታ የዚያ የስልቻው ሽታ ነበር። ለአንድ ካርቶን በከፈልሁት ገንዘብ ከእህል ገበያ ብዙ ኪሎ መግዛት እችል ነበር። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚለው ተረት ስለ እኔ የተተረተ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ እህሉን የምገዛው ከገበያ ነው።

እናንተም በቤታችሁ ልትሞክሩት ብትፈልጉ አሠራሩ ቀላል ነው። አጃ በርካሽ የሚገኘው አዝመራው በሚገባበት ወራት ነው። ከነልባሱ ደረቅ ስፍራ ቢቀመጥ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ሲያስፈልግ በሙቀጫ በስሱ ይሸከሸካል፤ በሰፌድም ይበጠራል። ከዚያ በኋላ ቀላ እስኪል ድረስ በምጣድ ይታመሳል። ከታመሰው ግማሹ ለአጥሚትና ለገንፎ ደቅቆ ይፈጭ፤ ግማሹ ለቅንጬ ይሸርከት። ቅንጬ ለመሥራት አንድ ኩባያ ሽርክት ለሦስት ኩባያ ውሃ መለካት ነው። ውሃው ሲፈላ ጨውና ሽርክቱ ይጨመራል፤ እሳቱ ይቀነሳል፤ ውሃውን እስኪመጥ ድረስም አልፎ አልፎ ይማሰላል። ቅቤ ከሌለ ጥቂት ዘይት፣ ወይም ታምሶ የተወቀጠ ተልባ ይበቃዋል። በረመዳን በብዙ ቤት ጾም ሲፈታ የሚጠጣው ሾርባም ከአጃ ሽርክት ይሠራል፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና፣ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ጥቂት ሥጋ ይገባበታል። ዳቦ መጋገር ለሚፈልግ ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ የአጃ ዱቄት እንደ ስንዴ ተስቦ አይነፋምና ከስንዴ ዱቄት ጋር መደባለቅ ይኖርበታል።

ነገር ግን ያለ ልክ እንዳመሰገንሁት አትቁጠሩብኝ። አጃ መድኃኒት አይደለም፤ የታመመ ሰው የሐኪሙን ትእዛዝ ትቶ በአጃ ይድናል ማለቴም አይደለም። ብቻውንም የተሟላ ምግብ አይሆንም። እንደ ሌሎቹ የአገዳና የብርዕ እህሎች ሁሉ ከባቄላ፣ ከአተር ወይም ከምስር፣ እንዲሁም ከጎመን ጋር ሲበላ ነው ጥቅሙ የሚሟላው። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ በጓዳችን ያለውን ምግብ በስሙ ሳይሆን በሚሰጠው ጥቅም እንመዝነው።

አሁን ጥቂት ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። የመምህርነት ዲፕሎማዬን ተቀብዬ በሥራ ላይ ሳለሁ፣ በ1983 ዓ.ም. አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ አየኋት። ከክፍል በኋላ ጠርቼ «ምን በልተሽ መጣሽ?» አልኋት። «ምንም» አለችኝ። «በቤት ምንም የለም?» ብላት ጥቂት አንገቷን ደፍታ ከቆየች በኋላ «ምንም የለም፤ አጃ ብቻ ነው ያለው» አለችኝ። እስቲ ይህን ዓረፍተ ነገር አስተውሉት። በመጀመሪያው ሐረግ «የለም» አለች፤ በሁለተኛው ሐረግ «አለ» አለች። የሰዋስው ስሕተት ግን አልነበረውም። እፍረት እንዲህ ያለውን ንግግር ያስተምራል፤ ያለውን እንደሌለ ያስቆጥራል። እኔም ያንኑ ዓረፍተ ነገር ለስድስት ሳምንት በልቤ ስደጋግመው እንደ ነበር አስታወስሁ። ለልጅቱ የስልቻዬን ታሪክ ነገርኋት። በቅሎዋ ጋ ስደርስ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ቁርስ ሳትበላ መጥታ እንደ ሆነ አላውቅም፤ ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ ግን አላየኋትም።

ለተማሪዬ የነገርሁትን ለእናቴ አለመንገሬ ቆጨኝ። በዚያው ዓመት ለፋሲካ ወደ ቤት ስሄድ፣ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ ነገሩን አወጣሁት።

«እማዬ፣ ያን ጊዜ ስንቄን ለበቅሎ ነበር የምሰጠው።»

እናቴ እንዝርትዋን ሳታቆም «አውቄአለሁ» አለችኝ።

«በምን አወቅሽ?»

«ስንቁን የበላ ልጅ ጨው አነሰው፣ ወይም አረረ፣ ወይም ጨምሪልኝ ይላል። አንተ ስድስት ሳምንት ሙሉ ምንም አላልህም።»

«ታዲያ እያወቅሽ ለምን መላክ አልተውሽም?»

እንዝርቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ሌላ የምሰጥህ አልነበረኝም፣ ልጄ» አለች። ቀጥላም እንዳላዝን ብላ ነው መሰለኝ፣ «ለመሆኑ በቅሎዋ ወፈረች?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። በማግስቱ ስመለስ አንድ ስልቻ የአጃ ዱቄት አሰረችልኝ። እኔም በሳምንቱ ጨው እንዳነሰው ጽፌ ላክሁላት።

ውድ ተማሪዎች፤ ከእናንተ መካከል ዛሬም ስንቁን ደብቆ የሚራብ ይኖር ይሆናል። ስንቁ አጃ ላይሆን ይችላል፤ ድንች፣ በቆሎ፣ ወይም ቆጮ ሊሆን ይችላል። ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ በጓዳችሁ ያለውን እህል ስም ጠይቁ፤ ማን እንደ ዘራው፣ እንዴት እንደሚታመስና እንደሚፈጭ፣ ማን እንዳዘጋጀላችሁም ጠይቁ። ከቻላችሁም አንድ ቀን ራሳችሁ አብስላችሁ ለቤተሰቡ አቅርቡ። ድርሰት ጻፉ ስትባሉም ርእሱን ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ፤ ከዚያው ከጓዳችሁ ጀምሩ።